ፊርማው የወላጅ ነው

ዲስሌክሲያ፣ ኤዲኤችዲና ኦቲዝም አንጎል ገና ከማሕፀን ጀምሮ ከብዙኃኑ በተለየ መንገድ ሲቀረጽ የሚታዩ የማስተዋልና የመማር ልዩነቶች ናቸው። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ተረት ሲነገረው ከእኩዮቹ ቀድሞ ሊገባው ይችላል፤ ያው ተረት በጽሑፍ ሲሰጠው ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማል። ኤዲኤችዲ ያለባት ልጅ ሥዕል ስትስል ሁለት ሰዓት ልትቀመጥ ትችላለች፤ የሒሳብ ወረቀት ሲቀርብላት አምስት ደቂቃ አትቆይም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የአውቶቡስ መስመሮችን በሙሉ በቃሉ ይዞ ስሙ ሲጠራ ዞር ላይል ይችላል። ሦስቱም ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ በአንድ ልጅ ላይ ተደራርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው። ስንፍና፣ ጥጋብ ወይም የአስተዳደግ ጉድለት አያመጣቸውም፤ አለንጋም አያስለቅቃቸውም።

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ2022–23 የትምህርት ዘመን 7.5 ሚሊዮን ተማሪዎች፣ ማለትም ከመቶ 15 የሚሆኑት፣ በልዩ ትምህርት ሕግ መሠረት ድጋፍ ያገኙ ነበር። እዚህም ሆነ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእነዚህ ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት የንባብ፣ የጽሕፈት ወይም የሒሳብ ችግር ያለባቸው ናቸው።

ኩን ራፒድስ በሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች 63 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ልጆቿ የሚማሩት በአኖካ–ሄኔፒን የትምህርት ዲስትሪክት ነው። ዲስትሪክቱ 13 ከተሞችን ይሸፍናል፤ ወደ 38 ሺህ ተማሪዎች ይዞ በሚኒሶታ ትልቁ ነው። ለአንድ ልጅ የንግግር ቴራፒስት፣ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት፣ የልዩ ትምህርት መምህርና ከጎኑ የሚቀመጥ ረዳት የሚመደብበት አሠራር አለው። ይህ ሁሉ ግን የሚንቀሳቀሰው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ በወላጅ ጥያቄና በወላጅ ፊርማ። መምህርን ማክበር ማለት አለመጠየቅ ነው ብሎ በኢትዮጵያ ላደገ ወላጅ ከባዱ ይኸው ነው።

አፍ እስኪፈታ

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው።» «አባቱም እንዲሁ ነበር።» «ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው።» በኢትዮጵያውያን ቤት እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የወሰዱትን ጊዜ የሐኪም ቀጠሮ ወረፋ አልወሰደውም። ዘግይተው አፋቸውን የሚፈቱ ጤነኛ ልጆች መኖራቸው እውነት ነው። ችግሩ የትኛው ልጅ ዝም ብሎ የዘገየ፣ የትኛው ደግሞ ድጋፍ የሚሻ መሆኑ ሳይታይ ሁለት ዓመት መሄዱ ላይ ነው። በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ በዓመት ከመንፈቁ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ የማያሳይ፣ ወይም ያወቃቸውን ቃላት መልሶ ያጣ ልጅ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ማንኛውም ልጅ በ18 እና በ24 ወሩ የኦቲዝም መጠይቅ እንዲሞላለት ይመክራል።

ሚኒሶታ የልዩ ትምህርት አገልግሎትን ከልደት ጀምሮ በነፃ ትሰጣለች። በሩ የሚንኳኳው ሄልፕ ሚ ግሮው በተባለው የግዛቱ መሥመር ነው። ወላጅ፣ አያት፣ ሐኪም ወይም ሞግዚት ስለ ልጁ ማመልከት ይችላል፤ የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም። ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ግምገማው ተጠናቆ የቤተሰቡ የአገልግሎት ዕቅድ እስኪወጣ የተፈቀደው ጊዜ 45 ቀን ነው። አገልግሎቱ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ቤት ድረስ በመሄድ ነው።

ይህ የቤት ጉብኝት ላላየው ሰው ሥራ አይመስልም። መምህሯ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። መጫወቻ ይዛ አትመጣም፤ ቤት ያለው ይበቃል። ልጁ የቡና ሲኒዎቹን ከረከቦቱ አውርዶ በአንድ መሥመር እየደረደረ ከሆነ እሷም ከጎኑ ሆና ትደረድራለች። ትንሽ ቆይታ አንዱን ሲኒ በእጇ ትይዝና ዝም ትላለች። ሰልፉ ጎደለ። ልጁ ሲኒውን ያያል፣ እጇን ያያል፤ ከዚያ ለአንድ አፍታ ፊቷን ቀና ብሎ ያያል። በዚያች ቅጽበት እናቱ «ስጪኝ» ትላለች፤ ሲኒው ወዲያው ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ዙር መምህሯ ሲኒውን ለእናትየዋ ታቀብላለች፤ ምክንያቱም እሷ ተመልሳ የምትመጣው በሳምንቱ ነው፤ እናት ግን በየቀኑ ቡና ታፈላለች። የቤት ጉብኝቱ ቁም ነገር ወላጁን ማሠልጠኑ ነው። እንግዳ መጣ ብሎ ልጁን ትቶ ምግብ ሲያቀርብ የሚውል ቤተሰብ የዚህን አገልግሎት ግማሽ ያጣል።

ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሥርዓት ይሻገራል። በኩን ራፒድስ ሶርትበርግ የተባለው የሕፃናት ማዕከል ለዚህ ዕድሜ የሚያገለግል ነው። ምንም ያልተጠረጠረበት ልጅም ቢሆን ኪንደርጋርተን ከመግባቱ በፊት የዕድገት ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ምርመራው በነፃ ሲሆን ግዛቱ የሚያበረታታው በሦስት ዓመቱ እንዲደረግ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን እንደ ምዝገባ ጣጣ እየቆጠረው አምስተኛ ዓመቱ ላይ ይዞት ይሄዳል። ያኔ ሁለት ዓመት አልፏል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ቆፍጠን ብሎ መነገር አለበት። ልጁ ንግግሩ ስለዘገየ አማርኛ ይቅርበት፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ይነገረው የሚለው ምክር ከሐኪምም ከዘመድም ይሰማል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ኦቲዝም ወይም የንግግር መዘግየት ያለባቸው ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ልጆች አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙ መሰሎቻቸው የባሰ መዘግየት እንደማያሳዩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ምክሩን የሚከተል ቤተሰብ የሚያጣው ብዙ ነው፤ እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ አሳጥራ ትናገራለች፣ አያት ጨርሶ ዝም ትላለች፣ ልጁ የሚሰማው የንግግር መጠን ይቀንሳል። ንግግር ለሚያስፈልገው ልጅ ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ኦቲዝምና እምነት የማጣት ታሪክ

በሚኒያፖሊስና በአካባቢዋ ስለ ኦቲዝም ሲወራ የሶማሌ ወላጆች ታሪክ ሳይነሳ አይቀርም። በ2008 በሚኒያፖሊስ ያሉ የሶማሌ እናቶች በሙአለ ሕፃናት የልዩ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ልጆቻቸው በዝተው እንደሚታዩ አስተዋሉና መልስ ጠየቁ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ7 እስከ 9 ዓመት ባሉ የሚኒያፖሊስ ልጆች ላይ ያደረገው ጥናት በ2013 መጨረሻ ወጣ፤ ከሶማሌ ልጆች ከ32 አንዱ፣ ከነጮች ከ36 አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ተለይቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚጠቀስ አልነበረም። ጎልቶ የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ኦቲዝም ካለባቸው ሌሎች ልጆች ይልቅ በሶማሌ ልጆች ላይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም አብሮ የሚታይ ሆኖ ተገኘ።

መልሱ እስኪመጣ ግን ክፍተቱን ሌሎች ሞሉት። አንድሩ ዊክፊልድ በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን ጽሑፍ አሳትሞ ነበር፤ መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰርዞታል፤ ዊክፊልድም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ከዚያ በኋላም ሚኒያፖሊስ መጥቶ የሶማሌ ወላጆችን አነጋገረ። የኩፍኝ ክትባት የሚወስዱ ልጆች ቁጥር አሽቆለቆለ፤ በ2017 በሚኒሶታ 75 ሰዎች ኩፍኝ ያዛቸው፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ወሬው ከሶማሌ ሱቅ ወደ ሐበሻ ሱቅ ለመሻገር ፓስፖርት አይጠየቅም። ወላጅ ጠይቆ መልስ ባጣበት ቦታ ሁሉ ሐሰት ቀድሞ ይደርሳል።

ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦች ዝምታው ሌላ ሥርም አለው። በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች ወደ ክሊኒክ ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ ነገሩን ደብቀው ለመያዝ እንደሚሞክሩ ተናግረዋል። ከመቶ 40ዎቹ መንስኤው ክፉ መንፈስ ነው ብለዋል፤ ከተጠየቁት መካከል የጭንቅላት ጉዳትንና የወሊድ ችግርን የጠቀሱም ነበሩ። ጠበልና ክሊኒክ በአንድ ወላጅ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ እንዲጋጩ የሚያስገድድ ነገርም የለም፤ የንግግር ቴራፒው ጠበሉ እስኪያልቅ እስካልተላለፈ ድረስ። ወላጆቹ ከሁሉ በላይ የጎደለን ያሉት ግን ትምህርት ቤት ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ እንዲህ መልሰዋል።

ያንን ጉድለት ለመሙላት ከተነሡት መካከል ዘሚ የኑስ ቀዳሚ ነበረች። የውበት ባለሙያ የነበረች፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ከፈተች። ልጄን ከሰው ፊት አልደብቅም ብላ በቴሌቪዥንና በአደባባይ መናገሯ ብቻ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። እስካረፈችበት እስከ 2021 ድረስ ስለ ኦቲዝም መናገሯን አላቋረጠችም። ከሥራዎቿ አንዱ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለው የንባብና የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ ነው። የዘዴው ስም ራሱ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ያሻግራል።

በሀሁ የሚደበቅ፣ በአቡጊዳ የሚጋለጥ

በየኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ያውቃል። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ በዜማ ይወርዳል፤ ጣቱ ግን ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን ነው የሚከተለው። ስለዚህ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፦ ፊደሉ ተቀያይሮ፣ አንዱ ከግዕዝ፣ ቀጣዩ ከካዕብ፣ ሌላው ከሣልስ እየተነሣ። ዜማው እዚህ አይረዳም። በቃሉ የያዘና ፊደሉን የለየ ልጅ የሚታወቁት እዚህ ላይ ነው። የጥንቱ መምህራን ስም ሳይሰጡት ዛሬ የንባብ ምርመራ የሚባለውን አንድ ክፍል ይሠሩ ነበር።

ዲስሌክሲያ ዓይን ፊደል ገልብጦ የሚያይበት ችግር አይደለም። ችግሩ ያለው አንጎል ቃልን ወደ ድምፆች ሲበታትን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን በ1896 ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲጽፍ ግራ ያጋባው እንዲህ ያለው ልጅ ነበር፤ ልጁ ብልህ ነው፣ በሒሳብ ጎበዝ ነው፣ ማንበብ ግን እንቢ ብሎታል።

አማርኛና እንግሊዝኛ ይህን ችግር በተለያየ መልክ ያወጡታል። ሺፕ የሚለውን፣ መርከብ ማለት የሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል እንውሰድ። በእንግሊዝኛ በአራት ፊደላት ይጻፋል፤ ሲነገር የሚሰሙት ድምፆች ሦስት ናቸው፤ በእኛ ፊደል ደግሞ ሁለት ምልክት ይበቃዋል። በእኛ ፊደል ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት ተጣብቀው ስለሚኖሩ ልጁ ቃሉን በቀለም በቀለም ከፍሎ ማንበብ ይችላል፤ ቀለም ደግሞ ለጆሮ ቀላል ነው። እንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱን ድምፅ ነጥሎ መስማትን ይጠይቃል፤ የተሰማው ድምፅም አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሁለት ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ሲቆጥር ደህና የሚመስል ልጅ ሰኞ በእንግሊዝኛ ክፍል ሊወድቅ ይችላል። ያ ሲሆን ወላጅ «አማርኛ ካነበበ እንግሊዝኛ የማያነበው ቢሰንፍ ነው» ይላል፤ መምህሩ በበኩሉ «ቋንቋው አዲስ ስለሆነ ነው፣ እንታገሠው» ይላል። ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ፊደላችንም ቢሆን ወጥመድ አያጣም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን የሚለየው ትንሽ ጭረት ነው። ሲነገር የሚጠብቀውና የሚላላው በጽሑፍ አይለይም፤ «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» ሲጻፉ አንድ ናቸው። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ በአማርኛ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በስሕተቱ ብዛት ሳይሆን በዝግታው ነው፤ ያነባል፣ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ አዲስ እየፈታ።

ትክክለኛው ትምህርት ይታወቃል። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሳሙኤል ኦርተንና መምህርቷ አና ጊሊንግሃም ባለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ የቀየሱት መንገድ ዛሬም ለብዙ ዘዴዎች መሠረት ነው። ልጁ ድምፁን ይሰማል፣ በአፉ ይለዋል፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ይነካል፣ ከዚያ ፊደሉን በአሸዋ ወይም በወረቀት ላይ ይጽፋል። አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው አይታለፍም። በየቀኑ፣ በትንሽ ቡድን፣ ለወራት የሚሠራ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም አሰልቺ ስለሆነ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች በ2023 ያጸደቁት የንባብ ሕግ ትምህርት ቤቶች ከኪንደርጋርተን እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን በዓመት ሦስት ጊዜ እንዲመረምሩ ያዛል፤ ልጅ በሥዕል ተመርቶ ቃሉን እንዲገምት የሚያደርገው የቆየ የማስተማር ልማድም እንዲቀር ደንግጓል። ወላጅ የእነዚህን ምርመራዎች ውጤት ጠይቆ ማየት ይችላል። ሦስተኛ ክፍል ላይ የሚነገር መርዶ አንደኛ ክፍል ላይ በውጤት ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ኤዲኤችዲን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ2022 በአሜሪካ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶ 11 የሚበልጡት ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው ተነግሯቸው ያውቃል። የሚሮጠውና የሚያቋርጠው ወንድ ልጅ ቶሎ ይለያል፤ መስኮት መስኮት እያየች በዝምታ የምትቀመጠው ልጅ ግን «ጨዋ» ተብላ ትታለፋለች። ከስድስት ዓመት በታች ላሉት የሚቀድመው ወላጅን ማሠልጠን ነው፤ ከዚያ በላይ መድኃኒትና የባህርይ ድጋፍ አብረው ይሄዳሉ። መድኃኒቱን ልጅን ማደንዘዣ አድርጎ የሚያይ ወላጅ ብዙ ነው፤ ፍርሃቱ የሚናቅ አይደለም፣ ግን ለሐኪሙ መነገር ያለበት ፍርሃት ነው እንጂ ማዘዣውን በኪስ ይዞ ዝም የሚባልበት አይደለም። ቤት ውስጥ ግን ያለ ሐኪምም የሚሠራ ነገር አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ፣ የማለዳውን ተራ በሥዕል ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ የተሠራውን ወዲያው ማመስገን።

ጠረጴዛው

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 ባወጣው ሕግ ማንኛውም የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ያለበት ልጅ ነፃና ለእሱ የሚስማማ ትምህርት የማግኘት መብት አለው። ሕጉ በ1990 ተሻሽሎ አሁን አይዲኢኤ ተብሎ ይጠራል፤ ኦቲዝም ራሱን ችሎ የተጠቀሰውም ያኔ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 ትምህርት ቤት ለእንዲህ ያለ ልጅ ለይስሙላ የሚሆን ጥቂት ዕድገት አሳይቶ መብቃት እንደማይችል ወሰነ። በጁን 2025 ደግሞ ከኩን ራፒድስ ወንዙን ተሻግሮ ካለው ከኦሲዮ ዲስትሪክት የመጣ ጉዳይ ዋሽንግተን ደርሶ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሚጥል በሽታ የምትሠቃይ ተማሪ ወላጆች ትምህርቷ ወደ ማታ እንዲዘልቅ ጠይቀው ተከልክለዋል። ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪ መድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ሲከስ ትምህርት ቤቱ ክፉ ሐሳብ እንደነበረው እንዲያስረዳ ከሌላው ከሳሽ የበለጠ ሸክም አይጫንበትም አሉ።

መንገዱ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። በሚኒሶታ መምህራን ልጁን ለግምገማ ከመላካቸው በፊት ቢያንስ ሁለት የማስተማሪያ ስልቶች ሞክረው መመዝገብ አለባቸው፤ ይህ ግን ወላጅ ያቀረበውን ጥያቄ ለማዘግየት ሰበብ አይሆንም። ጥያቄው በጽሑፍ፣ ቀን ተጽፎበት ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ የተባለ ነገር ቀን የለውም። ወላጅ ለግምገማው ከፈረመ በኋላ ዲስትሪክቱ በ30 የትምህርት ቀናት ውስጥ መጨረስ አለበት። ግምገማው ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መደረግ እንዳለበትና የእንግሊዝኛ ማነስ ብቻውን ልጅን የመማር ችግር አለበት ለማሰኘት እንደማይበቃ ሕጉ ያዛል። እዚህ ላይ የወላጅ ምስክርነት ይመዝናል፦ በአማርኛ ተረት መከተል ይችላል ወይ፣ የተላከውን ዕቃ አሟልቶ ያመጣል ወይ፣ ታናሽ ወንድሙ በንግግር ቀድሞታል ወይ። ይህን ከወላጅ በቀር ማንም አያውቅም።

ከግምገማው በኋላ አይኢፒ የሚባለው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ የሚወጣበት ስብሰባ ይጠራል። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ጠረጴዛው ዙሪያ የክፍል መምህሯ፣ የልዩ ትምህርት መምህሩ፣ የግምገማውን ውጤት የሚያስረዳው ሳይኮሎጂስት፣ በዲስትሪክቱ ስም መወሰን የሚችል አንድ ሰው፣ ምናልባትም የንግግር ቴራፒስት ይቀመጣሉ። እናት ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጥታለች። ሃያ ገጽ ወረቀት ይታደላል። አስተርጓሚው በስክሪን ላይ ነው፤ «የድምፅ ግንዛቤ መደበኛ ነጥብ» የሚለውን ሐረግ ሲያስተላልፍ ራሱም ይቸገራል። ሁሉም ሰው ደግ ነው፤ ሁሉም ፈገግ ይላል። በመጨረሻ «ጥያቄ አለ?» ይባላል። «የለም፣ እናመሰግናለን።»

በዚያች መልስ ብዙ ነገር ያልፋል። ሕጉ እናትን የዚህ ቡድን አባል አድርጎ ነው የሚቆጥራት፤ በእንግድነት አልተጠራችም። አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላት፤ ታላቅ ልጇን አስተርጓሚ ማድረግም አይገባትም፣ እኅት ስለ ወንድሟ እንዲህ ያለ ወሬ በአፏ እንድታሳልፍ መገደድ የለባትምና። ወረቀቱን ይዛ ሄዳ አንብባ ልትመለስ ትችላለች። ከሃያው ገጽ ውስጥ ደግሞ ዓይን የሚገባው ግቦቹ የተጻፉበት ነው። «ንባቡን ያሻሽላል» የሚል ግብ ምንም አይደለም። ልጁ ዛሬ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንደሚያነብ፣ በዓመቱ ስንት ሊደርስ እንደታሰበ፣ ማን በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሚያስተምረው፣ በምን እንደሚለካ የተጻፈ ከሆነ ግን ወላጅ ሊከታተለው የሚችል ውል ነው።

የመጀመሪያው ግምገማና የመጀመሪያው አገልግሎት ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርም። ከዚያ በኋላ ግን የሚኒሶታ ደንብ ይገለበጣል፦ ዲስትሪክቱ የለውጥ ሐሳብ በጽሑፍ ልኮ ወላጅ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ለውጡ ሊተገበር ይችላል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው አባባል በዚህ ፖስታ ላይ አይሠራም፤ እዚህ ዝምታ ፊርማ ነው። ተቃውሞ የገባለት ዲስትሪክት በ10 ቀን ውስጥ የማስታረቂያ ስብሰባ ያደርጋል፤ ካልተስማሙ ሽምግልና አለ፣ ከዚያም ችሎት። በግምገማው ያልተስማማ ወላጅ በዲስትሪክቱ ወጪ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲገመግም መጠየቅ ይችላል። ይህን ሁሉ ብቻውን መሸከም ለከበደው ብሉሚንግተን ያለው ፔሰር ማዕከል አለ። ከ1977 ጀምሮ በወላጆች የሚመራ ድርጅት ሲሆን ስልክ አንሥቶ ከማማከር ጀምሮ ወላጆችን በነፃ ያግዛል።

ብዙዎችን ከመፈረም የሚያግደው «ልጄ የዘገምተኞች ክፍል ውስጥ ይጣላል» የሚለው ሥጋት ነው። በኢትዮጵያ ልዩ ክፍል ማለት ለረጅም ጊዜ ከግቢው ጥግ ያለ ለብቻ የተዘጋ ክፍል ነበር። የአሜሪካ ሕግ ግን ልጁ በተቻለ መጠን ከእኩዮቹ ጋር እንዲማር ያስገድዳል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ልዩ ድጋፍ ከሚያገኙት ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛው ከትምህርት ቀናቸው 80 ከመቶውን ወይም ከዚያ በላይ በመደበኛ ክፍል ያሳልፋሉ። የበለጠ ድጋፍ ለሚሹ የተለዩ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ግን እነሱ የመጨረሻው እርከን እንጂ የመጀመሪያው አይደሉም።

ገንዘብና ጥንቃቄ

ትምህርት ቤት «ኦቲዝም» ብሎ የሚጽፈው ለትምህርት አገልግሎት ብቁ መሆኑን ነው፤ የሕክምና ምርመራ አይደለም። ከትምህርት ቤት ውጭ ለሚሰጥ ቴራፒ የሕክምና ምርመራ ያስፈልጋል። በሚኒያፖሊስ አካባቢ ከ1935 ጀምሮ የሚሠራውን ፍሬዘርን የመሰሉ ተቋማት ይህን ይሠራሉ፤ ወረፋው ረጅም ነውና ቀጠሮ መያዝ ከትምህርት ቤቱ ሂደት ጎን ለጎን ቢጀመር ይሻላል። የወላጅ ገቢ ከፍ ያለ ቢሆንም እንኳ ቴፍራ በተባለው መንገድ ልጁ በራሱ አካል ጉዳት ሜዲካል አሲስታንስ የተባለውን የግዛቱን የጤና መድን ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ቤተሰብን ያሸሽ የነበረው የወላጆች ወርኃዊ ክፍያ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ቀርቷል።

ኢአይዲቢአይ የሚባለው የግዛቱ የኦቲዝም ቴራፒ ፕሮግራም ልጆችን ለመርዳት የተዘረጋ ነው፤ ሌቦችንም ስቧል። በዲሴምበር 2024 ኤፍቢአይ በሚኒያፖሊስ አካባቢ የኦቲዝም አገልግሎት ሰጪዎችን ቢሮ ፈተሸ፤ በ2025 በቀረበ ክስ ላይ ልጅ ያስመዘገበ ወላጅ በአንድ ልጅ በወር ከ300 እስከ 1,500 ዶላር ይሰጠው እንደነበር ተጽፏል። ገንዘብ ተቀብሎ ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ የልጁን የቴራፒ ሰዓት ነው የሚሸጠው። ጤነኛ ማዕከል ወላጅ ገብቶ እንዲያይ ይፈቅዳል፣ ቴራፒውን የሚከታተለውን ባለሙያ ስምና ፈቃድ ይናገራል፣ ልጁ ባልነበረበት ቀን ሰዓት አያስፈርምም።

ከ18 በኋላ

በሚኒሶታ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ የአይኢፒ ዕቅዱ ከትምህርት ቤት በኋላ ስለሚኖረው ሕይወት መናገር ይጀምራል፦ ሥራ፣ ተጨማሪ ትምህርት፣ ብቻውን አውቶቡስ መያዝ፣ ገንዘብ መቁጠር። ተማሪው ራሱ ስብሰባው ላይ ይጠራል። በሐበሻ ቤት ልጅ በአዋቂ ጨዋታ መሐል አይገባምና ይህ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ አባት ስለ ልጁ ሲናገር ልጁ አንገቱን ይደፋል። ግን ዓላማው መለማመድ ነው፤ ምክንያቱም 18 ዓመት ሲሞላው የመፈረም መብቱ ከወላጅ ወደ ራሱ ይሸጋገራል፤ ፍርድ ቤት ሞግዚት ካልሾመለት በቀር።

ወደ ኮሌጅ የሚሄድ ተማሪ አይኢፒውን ይዞ አይሄድም፤ ያ ሕግ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያበቃል። ኩን ራፒድስ ካምፓስ ያለውን አኖካ–ራምሲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ጨምሮ ኮሌጆችን የሚገዙት የ1973ቱ የመልሶ ማቋቋም ሕግና የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ናቸው። በእነዚህ ሕጎች መሠረት ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ፣ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ወይም ማስታወሻ የሚይዝለት ሰው ሊያገኝ ይችላል፤ ኮሌጁ ግን ፈልጎ አያገኘውም። ተማሪው ራሱ ወደ አካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ሄዶ፣ ያለበትን በአፉ ተናግሮ፣ የግምገማ ወረቀቱን አያይዞ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ የመጨረሻው የግምገማ ሪፖርት ከሁለተኛ ደረጃ ከመውጣቱ በፊት ቅጂው ተጠይቆ ቤት መቀመጥ ይኖርበታል።